መድኃኒቱ ሲያደክመን
ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቸል ሲባል ነፍስ ያጠፋል። ይኸውም ለልብ ሕመምና ለደም ግፊት የሚታዘዙ መድኃኒቶች የሚያመጡት ድካም ነው።

ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒት ጀምረው ጥቂት ሳምንታት እንደቆዩ «ይህ ክኒን ጉልበቴን ጨረሰው» ማለት ይጀምራሉ። ይህን የሚሉት ግን ለሐኪሙ አይደለም። ለጎረቤት ይሉታል፤ አለዚያም ለማንም ሳይናገሩ ክኒኑን ሣጥን ውስጥ ከትተው ይተዉታል። በቀጠሮ ቀን «እንዴት ነው፣ መድኃኒቱን በደንብ ትወስዳለህ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ሐኪሙ እንዳይቆጣቸው ፈርተው «እወስዳለሁ» ይላሉ። ሐኪሙም መድኃኒቱ አልበቃቸውም ብሎ መጠኑን ይጨምርላቸዋል። በዚህ ዓይነት አንድ ያልተነገረ ድካም ሁለት ሦስት ችግር ይወልዳል።

እንግዲህ የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ነው። ድካሙ ይነገር፤ መድኃኒቱ ግን በራስ ፈቃድ አይቁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለበሽታው ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ ለሚያመጣው ችግርም ይሠራል።

ድካም ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቋንቋችን የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሐኪሞች «የልብ ድካም» ሲሉ ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ደም መግፋት እንዳቃተው መናገራቸው ነው። ይህ የበሽታ ስም ነው። ሕመምተኛው «ደከመኝ» ሲል ግን እግሬ ከበደኝ፣ ዓይኔ ተጨፈነ፣ ሥራ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ ማለቱ ነው። ይህኛው ስሜት ነው። ስሜቱ ከበሽታው ሊመጣ ይችላል፤ ከመድኃኒቱም ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለቱም ውጭ ከሆነ ሌላ ነገርም ሊመጣ ይችላል። ሁሉም «ድካም» ስለሚባል ሕመምተኛው «ሐኪሙ የልብ ድካም አለብህ ብሎኛል፤ ታዲያ ብደክም ምን ይገርማል?» ብሎ ዝም ይላል።

ሦስተኛም ነገር አለ። ቁስል የማይታይበት፣ በትር ያልያዘ፣ ፊቱ ያልገረጣ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሲተኛ የሚያይ ጎረቤት «ሰነፈ» ይላል። በተለይ ገና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በዚህ ክፉኛ ይጎዳሉ። በአገራችን የልብ ሕመም የሽማግሌዎች ብቻ አይደለም። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚያስከትለው የሪውማቲክ ትኩሳት ምክንያት የልብ በሮቻቸው የተጎዱ ብዙ ወጣቶች አሉ። ወጣት ሆኖ «ደከመኝ» ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ አይናገሩም፤ መድኃኒቱን ይተዋሉ።

መድኃኒቱ የሚያደክመው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ በድካም ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁትን ቤታ ብሎከር የሚባሉትን መድኃኒቶች እንመልከት። ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ከእነዚህ ወገን ናቸው። ፕሮፕራኖሎልን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስገኘው ስኮትላንዳዊው ሰር ጄምስ ብላክ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሊቃውንት አንዱ ነበር።

የሥራቸው መንገድ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ስንደነግጥ፣ ስንሮጥ፣ ዳገት ስንወጣ ልብ ቶሎ ቶሎ፣ በኃይልም እንዲመታ ያዘዋል። መድኃኒቱ ይህ ትእዛዝ ወደ ልብ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ስለዚህ ልብ ረጋ ብሎ ይመታል፤ ያርፋልም። ይሁን እንጂ ዳገቱን የሚወጣው እግር ተጨማሪ ደም ሲፈልግ ልብ እንደ ቀድሞው አይፈጥንለትም። ሰውየው በሜዳው ላይ ደኅና ሲራመድ ቆይቶ አቀበቱ ላይ እግሩ እንደ እርሳስ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ከእነዚህም መድኃኒቶች ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል ወደ አንጎል በቀላሉ ስለሚዘልቁ በአንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ያውካሉ፣ ቅዠትም ያመጣሉ። በሌሊት በደንብ ያልተኛ ሰው ደግሞ በቀን መድከሙ አይቀርም።

ሁለተኛዎቹ ውኃን በሽንት የሚያስወጡ መድኃኒቶች ናቸው። ብዙዎቻችሁ ላሲክስ በሚል ስም የምታውቁት ፉሮሰማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይገኙባቸዋል። እነዚህ በሳንባና በእግር የተጠራቀመውን ውኃ ሲያስወጡ ፖታስየምና ሶዲየም የተባሉትን ማዕድናትም አብረው ያወጣሉ። ፖታስየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ ቁርጥማት ይይዛል፣ የልብ አመታትም ሊዛባ ይችላል። ውኃው ከሚገባው በላይ ሲወጣም አፍ ይደርቃል፣ ብድግ ሲሉ ዓይን ይጨልማል።

ሦስተኛዎቹ የደም ሥርን እያሰፉ ግፊትን የሚቀንሱ፣ እንደ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ያሉ ናቸው። ግፊቱ ከሚገባው በታች ሲወርድ ማዞርና መዛል ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ባለ ግፊት የኖረ ሰው ግፊቱ ወደ ደኅናው መጠን ሲወርድም ሰውነቱ እስኪለምደው ድረስ ጥቂት ሳምንታት የድካም ስሜት ሊሰማው ይችላል። ሜቲልዶፓና ክሎኒዲን ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ በማሰኘት ይታወቃሉ።

ከእነዚህም ሌላ ጥንቃቄ የሚሹ አሉ። ዲጎክሲን በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ አንዳንዴም ነገር ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። አሚዮዳሮን አንገት ላይ ያለችውን የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሊያዘገይ ስለሚችል ሰውየው ይደክመዋል፣ ብርድ ብርድም ይለዋል። የኮሌስትሮል መድኃኒቶች በጥቂት ሰዎች ላይ የጡንቻ ሕመም ያስነሣሉ። ዋርፋሪን በራሱ አያደክምም፤ ነገር ግን በስውር ደም የሚያፈስ ከሆነ ደም ያንሳል፣ ደም ሲያንስም ጉልበት ይከዳል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ልናስፈራራችሁ አይደለም። «መድኃኒቱ አደከመኝ» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን እንደሚችል እንድናምነው ነው። ደግሞም የድካሙ ምክንያት እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስለሚለያይ መፍትሔው ለሁሉም አንድ አለመሆኑን እንድናስተውል ነው።

ታዲያ ለምን አናቆመውም?

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ተገቢ መልስ ልንሰጠው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ታትመው ወጡ። አንደኛው በቢሶፕሮሎል፣ ሁለተኛው በሜቶፕሮሎል ላይ የተደረጉ ነበሩ። በሁለቱም የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች መካከል መድኃኒቱን የወሰዱት፣ መልኩ ብቻ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የሞት አደጋቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ ጉልበታችንን የቀነሰብን የሚመስለን ክኒን ለብዙዎች ዕድሜ የጨመረ ክኒን ነው። ድካሙ ዛሬ ይሰማል፤ ጥቅሙ ግን አይሰማም፣ አይታይም። ፈተናው ይህ ነው።

በድንገት ማቆም ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ቤታ ብሎከር ለወራት ተወስዶ በአንድ ቀን ሲቆም ተዘግቶ የቆየው በር ወለል ብሎ ይከፈታል። ልብ በኃይል ይመታል፣ ግፊት ያሻቅባል፤ የልብ የደም ሥሮቹ የጠበቡበት ሰው ከባድ የደረት ሕመም፣ አልፎም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊደርስበት ይችላል። ክሎኒዲንም በድንገት ሲቆም ግፊትን አስደንጋጭ በሆነ መጠን ያሻቅበዋል። ውኃ የሚያስወጣው መድኃኒት ሲቆም ውኃው ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ሠራሽ የልብ በር ያለው ሰው ዋርፋሪን ቢያቆም በሩ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ መቆም የሚገባው መድኃኒት ቢኖር እንኳ በሐኪም ትእዛዝ ይቆም፤ ቀስ በቀስ መቀነስ የሚያስፈልገውም በዚያው ሥርዓት ይቀነስ።

ድካሙ ሁሉ ከመድኃኒቱ ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2002 ሐኪሞች በቤታ ብሎከር ላይ የተደረጉ 15 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። በጥናቶቹ ውስጥ ከ35,000 በላይ ሕመምተኞች ነበሩ። ከባዶ ክኒን ጋር ሲነጻጸር በመድኃኒቱ ምክንያት ድካም ተሰማን ያሉት በዓመት ከ1,000 ሰዎች ወደ 18 የሚጠጉ ተጨማሪ ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። ባዶውን ክኒን ከወሰዱትም መካከል «ደከመን» ያሉ ነበሩ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው መድኃኒቱ አያደክምም የሚል አይደለም፤ 18 ሰው ቀላል ቁጥር አይደለም። የምንማረው ድካም በመጣ ቁጥር ጥፋቱን ሁሉ በክኒኑ ላይ ብንጥል እውነተኛውን ምክንያት ልናጣው እንደምንችል ነው።

ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ እጥረት፣ እንዲሁም ሐዘንና የመንፈስ ጭንቀት ሁሉ ያደክማሉ። የልብ ሕመሙ ራሱ ሲብስም ያደክማል። ስለዚህ ከድካም ጋር ከዚህ ቀጥሎ ከምንናገራቸው ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፤ በተለይም ጋደም ሲሉ የሚያፍን ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያባንን ከሆነ። ሁለተኛ፣ እግር ሲያብጥ ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የሰውነት ክብደት 2 ኪሎ ያህል ሲጨምር። ሦስተኛ፣ ራስን ስቶ መውደቅ ወይም ለመውደቅ መቃረብ። አራተኛ፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ50 በታች ሲሆን ወይም ሲዘበራረቅ። አምስተኛ፣ የደረት ሕመም። ስድስተኛ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ወይም ሽንት ደም ሲመስል። ሰባተኛ፣ የልብ በር ሕመም ባለበት ሰው ላይ የማይለቅ ትኩሳት። ስምንተኛ፣ ዲጎክሲን በሚወስድ ሰው ላይ ማቅለሽለሽና የዓይን መደናገር።

የልብ ምት መቁጠር ማንም ሊማረው የሚችል ነገር ነው። ለአምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ሁለት ጣቶችን በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም ሰዓት እያዩ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ነው። ማንበብና መቁጠር የማይችሉ አረጋውያን ቢኖሩ ተማሪ የሆነ የልጅ ልጅ ሊቆጥርላቸው ይችላል።

ለሐኪሙ ምን እንንገር?

«ይደክመኛል» ብቻ ማለት ለሐኪሙ አይበቃም። ሕመምተኛው ወይም አስታማሚው አንድ ደብተር ይዞ እነዚህን ቢጽፍ ጥሩ ነው። ድካሙ የጀመረው መቼ ነው? አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ነው ወይስ ከዚያ በፊት? በቀን ውስጥ የሚበረታው በስንት ሰዓት ነው? ክኒኑ የሚዋጠውስ በስንት ሰዓት? ቀድሞ ይሠሩት የነበረ፣ አሁን ግን ያቃታቸው ሥራ ምንድን ነው? ለምሳሌ «ከምንጩ ውኃ ቀድቼ ሳላርፍ እመለስ ነበር፤ አሁን ሦስት ጊዜ አርፋለሁ» ማለት «ደከመኝ» ከማለት እጅግ የበለጠ ይናገራል። በመጨረሻም የተዘለሉ ክኒኖች ካሉ ሳያፍሩ መናገር ነው። ከሌላ ቦታ የተገዛ መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ አብሮ ይነገር። የሚቻል ከሆነ ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው በከረጢት ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ይህ ከተነገረው ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ብዙ ነገር አለ። መጠኑን ሊቀንስ፣ የሚዋጥበትን ሰዓት ሊለውጥ፣ ከዚያው ወገን ሌላ መድኃኒት ሊተካ፣ የደም ምርመራ አድርጎ የጎደለውን ሊያሟላ ይችላል። ለልብ ድካም የሚሰጠው ቤታ ብሎከር በትንሽ መጠን ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ወይም ከዚያ በዘገየ ጊዜ እየተጨመረ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ጭማሪ ላይ ጥቂት ቀናት መዛል የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይታገሣል፤ ያልተነገረው ግን መድኃኒቱ ሊገድለው የመጣ ይመስለዋል።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ቀኑን መከፋፈል ይጠቅማል። ከባዱ ሥራ ጉልበት በሚኖርበት ሰዓት ይሠራ፤ ሥራው ሁሉ በአንድ ጧት አይታጨቅ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በሁለት ትንንሽ ዕቃ ቢከፈል ያው ውኃ ነው። ሽንኩርት መክተፍም ሆነ ልብስ ማጠብ ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሁሉ የተኛ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣል።

ሙሉ በሙሉ መተኛትም መፍትሔ አይደለም። የማይሠራ ጡንቻ ይዝላል፤ የዛለ ጡንቻ ደግሞ ድካሙን ያብሳል። ሐኪም ካልከለከለ በቀር በየቀኑ በሜዳ ላይ ጥቂት መራመድ፣ በየሳምንቱም ትንሽ ትንሽ መጨመር ጥሩ ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፤ እየተራመዱ መነጋገር ከተቻለ ደኅና ነው፣ ንግግር ከተቆራረጠ መቆም ነው።

ከመኝታ ሲነሡ በአንድ ጊዜ ብድግ ማለት አይገባም። በአልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጦ፣ እግርን አንቀሳቅሶ፣ ከዚያ መቆም ነው። ውኃ የሚያስወጣው መድኃኒት በጧት ቢወሰድ ሌሊት ለሽንት መመላለስ ይቀራል። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ሰው ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ካርቬዲሎል ከምግብ ጋር ሲወሰድ ማዞሩ ይቀንሳል።

ስለ ምግብም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «ፖታስየም አንሶህ ይሆናል» የተባለ ሰው ሙዝና ብርቱካን ማብዛት ያምረዋል። ኢናላፕሪል ወይም ስፒሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው ግን ፖታስየም ሊበዛበት ይችላል፤ መብዛቱም እንደ ማነሱ አደገኛ ነው። ስለዚህ ያለ ደም ምርመራ በግምት አይሠራም። ጨው መቀነስ ግን ለአብዛኞቹ ሕመምተኞች ይጠቅማል፤ በወጡ ብቻ ሳይሆን በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ድካምን ለማባረር ጫት መቃም ፈጽሞ አይገባም፤ ጫት የልብን ምትና ግፊትን ስለሚጨምር መድኃኒቱ የሠራውን ያፈርሳል። ቡና በልክ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው አይከለከልም፤ የማታው ቡና ግን እንቅልፍ ይነሣል።

የስኳር በሽታ ያለበትና ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ቤታ ብሎከርም የሚወስድ ከሆነ አንድ ነገር ይወቅ። ስኳር ሲወርድ የሚያስጠነቅቀው የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ በመድኃኒቱ ሊሸፈን ይችላል፤ ማላቡ ግን አይሸፈንም። ስለዚህ ድንገት ያላበውና የዛለ ሰው ስኳሩን ይለካ፤ መለኪያ ከሌለውም ስኳር ያለበት ነገር ፈጥኖ ይውሰድ።

ለጉባኤዎች የምንለው

ጾም፣ የአዳር ጸሎትና ስለ ፈውስ የምንሰጠው ምስክርነት ይህን ጉዳይ በቀጥታ ይነኩታል። ያለ ውኃ የሚጾም ሰው ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ቢወስድ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለ ጾሙ ብሎ መድኃኒቱን ቢዘልም ይጎዳል። ስለዚህ ጾም ሲታወጅ «መድኃኒት የምትወስዱ መድኃኒታችሁን ከውኃ ጋር ውሰዱ፤ ስለ ጾሙም ሐኪማችሁን አማክሩ» የሚል ቃል ከመድረክ አብሮ ቢነገር ብዙ ሰው ከኀፍረት ይድናል። ሌሊቱን መቆየት ያልቻለውም በጊዜ ወደ ቤቱ ቢሄድ ማንም አይታዘበው።

የተጸለየለት ሰው ቀለል ሲለው መድኃኒቱን ወዲያው እንዲጥል የሚገፋፋው አይኑር። ቀለለኝ ማለት መልካም ነው። መድኃኒቱ ይቀነስ ወይም ይቁም የሚለው ግን በምርመራ የሚታይ ነገር ነው፤ መመርመርም አለማመን አይደለም።

ከዚህ ሌላ ጉባኤ ሊያደርገው የሚችል ነገር ሞልቷል። እንበልና ሦስት ልጆች ያሏት አንዲት እናት የልብ መድኃኒት ጀምራለች። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውኃ የሚቀዳላት፣ እህል የሚያስፈጭላት ሰው ብታገኝ ያን አስቸጋሪ ጊዜ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ታልፈዋለች። ባታገኝ ግን ልጆቿን ለማብላት ስትል መድኃኒቱን ታቆማለች፤ እናት ብትሆኑ እናንተም ይህንኑ ታደርጋላችሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተራ አውጥቶ መርዳት ገንዘብ አይጠይቅም። የቀጠሮ ቀንን ማስታወስ፣ የመጓጓዣ ማዋጣት፣ መድኃኒት ከማለቁ ከሳምንት በፊት መጠየቅም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ እንዳያልቅባቸው ሲሉ በየሁለት ቀኑ አንድ ክኒን የሚውጡ ሰዎች ስላሉ «አልቆብሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንለው

እናንተ የሥራ መዝገብ ትይዛላችሁ። እርከን በሚሠራበት፣ ጉድጓድ በሚቆፈርበት ቦታ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ቶሎ የሚቀመጥ ሰው ስታገኙ ስሙን ከመሰረዛችሁ በፊት ለብቻው ጠርታችሁ «መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። በሰው ፊት አትጠይቁት። የሚወስድ ከሆነ ዕቃ መቁጠር፣ ችግኝ ማጠጣት፣ ሕፃናትን መጠበቅ የመሳሰለ ቀላል ሥራ ፈልጉለት። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲዘረጋ ጉልበት ላላቸው የማኅበረሰብ ሥራ፣ መሥራት ለማይችሉት ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ይህ ልዩነት የተደረገው እንዲህ ላለው ሰውም ጭምር ነው። የሐኪም ወረቀት የሚያስፈልግ ከሆነ ወረቀቱን እንዲያገኝ እርዱት።

እርዳታ በሚታደልበት ቀን ሰዎች በፀሐይ ረጅም ሰልፍ ይቆማሉ። የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በፀሐይ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። የሚቀመጡበት አግዳሚ፣ ጥላና ውኃ ማዘጋጀት፣ ሕመምተኞችንም ማስቀደም ትልቅ በጀት አይፈልግም። 50 ኪሎ እህል በጀርባው ተሸክሞ እንዲሄድም አትፍቀዱለት፤ የሚያደርስለት ሰው ፈልጉ።

በመካከላችሁም መድኃኒቱን የሚወስዱ ሠራተኞች አሉ። በመስክ መኪና ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ ሠራተኛ መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግረው የጧቱን ክኒን ይዘላል። አለቃው ይህን ካወቀ መኪናው ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። መድኃኒት አዲስ የጀመረ ወይም መጠኑ የተጨመረለት ሾፌር ማዞሩና እንቅልፉ እስኪለቀው ድረስ መሪ አይያዝ። ይህም ቅጣት መስሎ እንዳይታየው ደመወዙ አይነካ።

ወዳጆቻችን፣ ከዚህ ስትለዩ በየቤታችሁና በየጣቢያችሁ አንድ ሰው አስቡ። የልብ ወይም የግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ዝም ብሏል፣ ከሰውም ራቅ ብሏል። በዚህ ሳምንት ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁት፤ «ይደክምሃል ወይ?» እና «ክኒኑን ትውጠዋለህ ወይ?» ብላችሁ። መልሱን ሳትቆጡ ስሙት። ከዚያም በቀጠሮው ቀን አብራችሁት ሂዱ።